«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ስለሚሉ ሰዎች

በአገራችን ከሚነገሩት አባባሎች መካከል እኔ አጥብቄ የምጠላው አንድ አለ፤ እርሱም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ነው። ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ሰው ምናልባት የሙት ልጅ የምታሳድግ ድኻ እናትን ሲያጽናና ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ነፍሱን ይማረው። ዛሬ ግን የሚናገሩት አባቶች ልጆቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ ነው። እኔም ብዙ ዘመን ተናግሬዋለሁና ከሳሽ ብቻ ሳልሆን ተከሳሽም ነኝ።

የምኖረው በደብረ ታቦር ነው። ከተማችን የምትጠራው ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን በገለጠበት ተራራ ስም ነው፤ በየዓመቱም ነሐሴ 13 ቀን በዓሉን ቡሄ ብለን እናከብራለን። አባቶቻችን የሙልሙሉንና የችቦውን ምክንያት ሲነግሩን እንዲህ ይላሉ፤ በዚያን ቀን በታቦር አካባቢ ከብት ይጠብቁ የነበሩ ልጆች ብርሃኑን አይተው የመሸ ስላልመሰላቸው በዚያው ቆዩ። ወላጆቻቸውም ተጨንቀው፥ ችቦ አብርተው፥ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ታሪክ ልብ ብለህ ተመልከተው። እነዚያ ወላጆች ሲሠሩ የዋሉ ሰዎች ናቸው፤ ጉልበታቸው አልዛለም ማለት አይቻልም። ነገር ግን «ሲርባቸው ራሳቸው ይመጣሉ» ብለው አልተኙም። እኛ ሙልሙሉንና ችቦውን ይዘን ፍለጋውን ተውነው። ሙልሙሉንም ቢሆን እየተውነው ነው፤ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ደጃችን ሲመጡ ቶሎ እንዲሄዱልን ብር እንሰጣቸዋለን።

ባለፈው ዓመት በቡሄ ዋዜማ እንደዚሁ ሲጨፍሩ መጡ። እኔ በስልኬ ላይ አጎንብሼ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጌ፥ ቀና ብዬም ሳላይ ብሩን ሰጥቼ ልመለስ ስል አንዱ «አባዬ፥ እኔ ነኝ እኮ» አለኝ። የገዛ ልጄ ነበረ። ድምፁን አልለየሁትም! ጓደኞቹ ሳቁ፤ እርሱ ግን አልሳቀም።

«ድካሙን ስለማታውቅ ነው» የሚለኝ ይኖራል። አውቀዋለሁ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ በሥሩ ገብስና ድንች የሚያበቅል ገበሬ በዚያ ብርድ ሲያርስ ውሎ ሲገባ ከራትና ከእሳት በቀር የሚያስበው የለም። ሚስቱማ ከእርሱ በኋላ ትተኛለች፥ ከእርሱም በፊት ትነሣለች። ስለዚህ «ደክሞኛል» ማለት ሐሰት አይደለም። ሐሰቱ፥ ልጅ የሚፈልገው ሌላ ትርፍ ሰዓት ነው ማለቱ ነው።

ኦሪት ዘዳግምን ምዕራፍ 6 ከፍታችሁ ተመልከቱ። ሙሴ የእግዚአብሔርን ሕግ ለልጆች ስለ ማስተማር ሲናገር የጠቀሳቸው ጊዜያት የመቀመጫ፥ የመንገድ፥ የመኝታና የመነሻ ሰዓት ናቸው። ከእነዚህ ከእርሻው ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ሰዓት ላይ የሚቀነሰው የትኛው ነው? እግዚአብሔር የደከመ ሰው አዲስ ሰዓት እንዲፈጥር አላዘዘውም፤ ያለውን በዝምታ እንዳያሳልፈው ነው እንጂ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከገበያ ደክማ ስትመለስ እንጀራ መጋገር ይጠብቃታል፤ ያን ጊዜ ከምጣዱ አጠገብ አስቀምጣ የዕለቱን ትምህርቴን ታስነብበኝ ነበር። ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት ትሰማኛለች። ለመጨረስ ቸኩዬ አንድ መስመር ስዘል ግን «ተመለስ!» ትለኛለች፤ እንዴት እንደምታውቅብኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እንግዲህ ይህች ሴት ለእኔ ብላ ከሥራዋ ያጎደለችው ምንድን ነው? አንዲት እንጀራ እንኳ አላሳረረችም።

አንዳንዱ ደግሞ «መምህሩ አለ፥ የንስሐ አባቱ አለ» ይላል። ወንዱን በ40፥ ሴቷን በ80 ቀን አስጠምቀን የክርስትና አባትና እናት ስንመርጥላቸው፥ አባትነቱንና እናትነቱን አስረክበን አልተመለስንም። ዔሊ ካህን ነበረ፤ የተወቀሰው ግን የእግዚአብሔርን ቤት ስለ ተወ አይደለም፥ ልጆቹ ሲበድሉ ስላልከለከላቸው ነው።

እናንት ወጣቶች፥ ነገ አባትና እናት ትሆናላችሁና ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወላጆቻችሁን እንድትከሱበት ግን አይደለም፤ እነርሱ ብዙዎቹ የሚነግራቸው አላገኙም። እናንተ ግን አንብባችኋል።

እኔ ዘግይቼ ጀምሬአለሁ። ጋፋት ከከተማችን ሩቅ አይደለም፤ አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ስፍራ ነው። በዚያ መንገድ ከልጄ ጋር ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ነግሬው አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ያ ከባድ መድፍ ገደሉንና ወንዙን አልፎ፥ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ መድረሱን እየነገርሁት ሄድን። ገመዱ ቢበጠስስ? ዝናብ ቢመጣስ? ማታ የት ያድሩ ነበር? እያለ ጠየቀኝ። ቤት ስንደርስ ገና ግማሹን አልመለስሁለትም ነበርና የቀረውን ለመኝታ ሰዓት አቆየነው።