የመረጥነው ጸጥታና የተጫነብን ጸጥታ

ስለ ቀላል ኑሮ ደስታ ሲነሣ ብዙዎቻችን ወደ ገጠር ውዳሴ እናዘነብላለን። ነፋሻው አየር፣ የጤፉ ማሳ፣ የምሽቱ ጸጥታ ይወደሳሉ። ከቢቸና ወይም ከሞጣ አካባቢ የመጣ ተማሪ ግን ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ውሃ በእንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ እናት ኑሮዋ «ቀላል» እንዳልሆነ ያውቃልና። ለመሆኑ ከቴክኖሎጂ ራቅ ብሎ ደስታን ማግኘት ማለት ምን ማለት ነው?

በሞጣ በኩል በዐባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ እንመልከት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት መንገደኛው በገመድ እየታሰረ፣ ወዲህና ወዲያ ማዶ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተገጠመ፤ ያንንም ጎርፍ ከወሰደው በኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። በገመድ መሻገርን የቀላል ኑሮ ጸጋ ብሎ የሚያወድስ ቢኖር፣ በዚያ ገመድ ያልተሻገረ ሰው ብቻ ነው።

እንዲሁም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ያ ጸጥታ ደስታን አላመጣም። ሰው መርጦ የተወው ነገርና የተነጠቀው ነገር አንድ አይደሉምና።

እንግዲያው የመረጥነው ጸጥታ ምን ይመስላል? ለዚህ ከቢቸና ብዙ ሳንርቅ ዲማ ጊዮርጊስን እናገኛለን። በዲማና በመሰል የጎጃም ጉባኤያት የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ለብቻው ይቀመጣል፤ ከሁለት ስንኟ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ከዚያም በየኔታ ፊት ቀርቦ ያሰማል፣ ይታረማል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ የሚለምን ተማሪ ችግሩ ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ሀብት አለው፤ ሐሳቡን የሚያቋርጥበት የለም። አንድ ስንኝ ሰምና ወርቁ ሲገጥምለት የሚሰማው ደስታ ከዚህ ያልተቆራረጠ ትኩረት የሚወለድ ነው።

ሳይንሱም ይህን ይደግፋል። አንጎላችን በአንድ ጊዜ በትኩረት ሊይዘው የሚችለው የመረጃ መጠን ውስን ነው፤ ከጥናት ወደ መልእክት፣ ከመልእክት ወደ ጥናት በተመላለስን ቁጥር ዋጋ እንከፍላለን። በምሽትም ከስልክና ከኮምፒውተር የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን እንዳይመነጭ ስለሚጫን እንቅልፍን ያዘገያል። የሰውነታችንን የቀንና የሌሊት ሰዓት ውስጣዊ አሠራር ያብራሩ ሦስት ተመራማሪዎች በ2010 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጉዳዩ ለጤና መሠረታዊ ስለሆነ ነው።

ስልክ ይጣል አንልም፤ ድልድይ ይፍረስ እንደማለት ይሆናል። የምንለው የባለቤትነቱ ጥያቄ ይመለስ ነው። ድልድይ መሻገር ስንፈልግ ያሻግረናል እንጂ በየደቂቃው እየጠራ «ተሻገሩ» አይለንም። ስልካችንም እንዲሁ ይሁን።

ስለዚህ ለተማሪ አንባብያን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ምሽት ስልካችንን በፈቃዳችን እንዝጋ። ለዕረፍት ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ የምትሄዱ ደግሞ በግንቦት ጥርት ባለ ምሽት ከደጅ ውጡ። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ስለሚበልጥ ከራስ በላይ ያለው አየር ስስ ነው፤ ከከተማው መብራት ትንሽ ራቅ ሲሉ ጨለማው ሙሉ ነው። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ በሰሜን የዋልታው ኮከብ ከአድማስ ከፍ ብሎ፣ በደቡብ ደግሞ የደቡብ መስቀል በአንድ ምሽት ይታያሉ። የሰሜን አውሮፓ ሰው የደቡብ መስቀልን ከአገሩ ሆኖ ማየት አይችልም። ለእኛ ግን ቀና ማለት ብቻ ይበቃል።