ጥገናና ሽግግር፦ የኮምፒዩተራችንን ስርዓተ ክወና መቼ እንለውጥ?

ማይክሮሶፍት የተሰኘው የሶፍትዌር ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የጥገና አገልግሎት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አቁሟል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየመማሪያ ክፍሉና በየቤተ ሙከራው አንድ ጥያቄ ይነሳል። ወደ ዊንዶውስ 11 እንሻገር ወይስ ባለንበት እንቆይ? መልስ የሚሰጡትም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን አዲስ የወጣ ሁሉ ከቀድሞው ይሻላል ባይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በደህና የሚሠራን ማሽን መነካካት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው ይላል።

በእኛ እምነት ሁለቱም ወገኖች የሚመዝኑት መመዘን የሌለበትን ነገር ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ስርዓቱ አዲስ ነው ወይስ አሮጌ የሚለው ሳይሆን፣ ዛሬም የሚጠግነው አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው።

ሁለቱን እንለይ

ስርዓተ ክወና በኮምፒዩተሩ ቁሳዊ አካልና በምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች መካከል የሚገኝ አስተዳዳሪ ነው። ፕሮሰሰሩ በየትኛው ቅጽበት የየትኛውን ፕሮግራም ሥራ እንደሚያከናውን፣ ማህደረ ትውስታው እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ፋይሎች በዲስኩ ላይ የት እንደሚያርፉ የሚወስነው እርሱ ነው። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የትእዛዝ መስመሮች ያሉት በመሆኑ ከስሕተት ፈጽሞ ሊጸዳ አይችልም። ከስሕተቶቹም አንዳንዶቹ ለአጥቂዎች በር የሚከፍቱ ናቸው።

እነዚህን በሮች አንድ በአንድ የመድፈን ሥራ ጥገና እንበለው። ማይክሮሶፍት ይህን በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ያከናውናል። ከአንድ የስርዓቱ ትውልድ ወደ ሌላው ማለፍን ደግሞ ሽግግር እንበለው። ጥገና የምናውቀውን ቤት ጣራ እንደ መድፈን ሲሆን፣ ሽግግር ግን ቤት እንደ መቀየር ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን ሁለቱን በአንድ ዓይን እናያቸዋለን። የኢንተርኔት ክፍያ ለመቆጠብ ወይም ሽግግርን በመፍራት ጥገናውንም አብረን እንዘጋዋለን። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህም አንድ ማስረጃ እናቅርብ። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ዓለምን አዳረሰ። የኮምፒዩተሮችን ፋይሎች በምስጢራዊ ቁልፍ እየቆለፈ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮች ተጠቁ። በእንግሊዝ ከብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ የሆስፒታል አስተዳደሮች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ችግሩ ደርሶባቸው፣ የታካሚዎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ተደረሰ።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው። አብዛኞቹ የተጠቁት ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት በዊንዶውስ 7 ነበር። ዊንዶውስ 7 በዚያን ጊዜ የሚጠገን ስርዓት ሲሆን፣ ፕሮግራሙ የገባበት ቀዳዳም ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ማርች 14 ቀን፣ ተደፍኖ ነበር። በመሆኑም እነዚህ ተጠቂዎች የጎደላቸው አዲስ ስርዓት ሳይሆን በእጃቸው የነበረውን ጥገና መጫን ነበር። የዊንዶውስ ኤክስፒ ተጠቃሚዎች ዕጣ ግን የተለየ ነው። የእነርሱ ስርዓት ጥገና በ2014 ስለተቋረጠ፣ ኩባንያው አስቸኳይ መድፈኛ ያወጣላቸው ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ጥገና ሲቆም ምን ይሆናል?

«የእኔ ኮምፒዩተር ጥገናው ከቆመም በኋላ እንደ ትናንቱ እየሠራ ነው» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። እውነት ነው፤ ማሽኑ በዚያ ቀን አይዘጋም፤ ፍጥነቱም አይቀንስም። ይሁንና አደጋው ባለበት አይቆምም። አዲሱና አሮጌው ስርዓት ሰፊ የጋራ የትእዛዝ ክፍል አላቸው። ለአዲሱ ጥገና በወጣ ቁጥር አጥቂዎች ከጥገናው በፊትና በኋላ ያለውን ቅጂ አነጻጽረው የተለወጠውን ይለያሉ። የተለወጠው ቦታም ቀዳዳው የት እንደነበረ ይጠቁማቸዋል። ያው ቀዳዳ በአሮጌው ስርዓት ውስጥም ካለ፣ በዚያ የሚደፍነው የለም። ስለዚህ ለአዲሱ ስርዓት ፈውስ የሆነው ወርኃዊ ጥገና ለተተወው ስርዓት የአጥቂ ካርታ ይሆናል። አደጋው ከወር ወር የሚጨምረውም በዚህ ምክንያት ነው።

መቆየት የሚገባበት ጊዜ

ይህ ማለት ግን ሁሉም ዛሬውኑ ይሻገር ማለት አይደለም። በቤተ ሙከራ ከአንድ የመለኪያ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ኮምፒዩተርን እንመልከት። መሣሪያውን ከስርዓተ ክወናው ጋር የሚያግባባው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ 11 የሚገኘው በ64 ቢት ብቻ ሲሆን፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ለ32 ቢት የተጻፉ ድራይቨሮችን አይቀበልም። የመሣሪያው አምራች አዲስ ድራይቨር ካላዘጋጀ፣ ሽግግሩ ጤነኛውን መሣሪያ ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የምንመክረው ባለበት እንዲቆይ፣ ነገር ግን ከኔትወርክ እንዲነጠል ነው። መነጠሉም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረሰበት ስታክስኔት የተባለው ቫይረስ ከኢንተርኔት ተነጥሎ ወደነበረው የኢራን የናታንዝ የኑክሌር ማዕከል የዘለቀው በፍላሽ ዲስክ አማካይነት እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ ውጤት የሚገለበጥበት ፍላሽ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ፣ በየጊዜውም የሚፈተሽ ሊሆን ይገባል።

መሻገር የማይችል ማሽንስ?

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉት ናቸው ተቀባይነት ያላቸው። በአገራችን በተማሪዎች እጅ ከሚገኙት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይህን አያሟሉም። ቲፒኤም በማሽኑ ውስጥ እያለ በባዮስ ቅንብሩ ተዘግቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ «የእኔ አይችልም» ከማለት በፊት ይህን ማረጋገጥ ይገባል።

ፈተናውን ያላለፈ ማሽን ያለው ሰው አዲስ ላፕቶፕ የመግዛት ግዴታ የለበትም። ማይክሮሶፍት በ2025 ለግለሰቦች ያወጣው የአንድ ዓመት ተጨማሪ የጥገና መርሐ ግብር የማሰቢያ ጊዜ የሚሰጥ እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። መስፈርቱን በልዩ ዘዴ አልፎ ዊንዶውስ 11ን መጫን ይቻላል የሚሉም አሉ። ይሁን እንጂ ኩባንያው እንዲህ ለተጫነ ስርዓት ጥገና እንደሚያደርስ ዋስትና አይሰጥም። ጥገናው ዋስትና ከሌለው የሽግግሩ ዋና ምክንያት ይፈርሳል።

በእኛ አስተያየት የተሻለው መንገድ ሊኑክስ ነው። የሊኑክስን እምብርት እ.ኤ.አ. በ1991 መጻፍ የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ያን ጊዜ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በዚሁ እምብርት ላይ የተመሠረተው ኡቡንቱ 24.04 በኤፕሪል 2024 ሲወጣ የአምስት ዓመት ነፃ ጥገና ተመድቦለታል። በአሮጌ ማሽኖች ላይ የሚፈጥኑ ቀለል ያሉ ዝርያዎችም አሉ። ከሁሉም በላይ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ አስነስቶ መሞከር ይቻላል። በእርግጥ እንደ አውቶካድ ያሉ ፕሮግራሞች ለሊኑክስ አልተዘጋጁም፤ በእነርሱ ላይ ጥናቱን የመሠረተ ተማሪ ይህን አስቀድሞ ማመዛዘን አለበት። ለጽሑፍ፣ ለስሌት፣ ለፕሮግራም ጽሕፈትና ለኢንተርኔት ግን ከበቂ በላይ ነው።

እዚህ ላይ «ክራክ» ስለሚባለው ነገር ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። ዋጋው ውድ ነው በሚል ሕገ ወጥ የዊንዶውስ ቅጂ መጫን በመካከላችን የተለመደ ነው። ቁልፉን የሚሰብረው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ጸረ ቫይረሱን እንድናጠፋ ነው። ማንነቱን ለማናውቀው ሰው የቤታችንን ቁልፍ ሰጥተን ዘበኛውንም እንደ ማሰናበት ይቆጠራል። ነፃና ሕጋዊ አማራጭ እያለ ይህን አደጋ የምንገዛበት ምክንያት አይታየንም።

ከመሻገር በፊት

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ የተስተካከለ መሣሪያ ከመነካቱ በፊት የነበረበት ሁኔታ ይመዘገባል። ወደነበረበት የሚመለስበት መንገድም ይታሰባል። ሽግግርም ይኸው ሥርዓት ያስፈልገዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሙከራ ውጤትና ፎቶግራፍ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ። የተቀመጠው ቅጂም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ይታይ፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። በሽግግሩ መካከል መብራት ቢጠፋ ኮምፒዩተሩ ላይነሳ ስለሚችል፣ የላፕቶፑ ባትሪ ይሙላ፤ ዴስክቶፕም ያለ ዩፒኤስ አይሞከር።

ለእኛ ብቻ የሚሆን አንድ ጥንቃቄም አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን የቁጥር ክልል እስኪሰጠው ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ነበር። ፎንቱ ሲጠፋ ገጹ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። በእንዲህ ዓይነት ፎንት የተጻፉ የቆዩ ጥናቶች በየትምህርት ክፍሉ አሉ። ከመሻገር በፊት ወደ ዩኒኮድ ሊለወጡ፣ ፎንቶቹም ሊጠበቁ ይገባል። በሌላ በኩል ሽግግር እውነተኛ ጥቅም እንዳለውም የዚሁ ፊደል ታሪክ ያስረዳል። ንያላ የተባለው የግዕዝ ፎንት ከስርዓቱ ጋር አብሮ የመጣው በ2007 ለገበያ በቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ነው።

እንግዲህ ውሳኔው ይህን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ጥገና ያለው ስርዓት ጥገናውን ሳያዘገይ ይጫን፤ ሽግግሩ ሥራ በሚቀልበት ጊዜ፣ በዝግጅት ይደረግ። ጥገና የተቋረጠበት ስርዓት ወይ ይቀየር፣ ወይ ከኔትወርክ ይነጠል። ከሁለቱ ውጪ ሦስተኛ መንገድ የለም። የትምህርት ክፍሎችም የትኛው ኮምፒዩተራቸው በየትኛው ስርዓት እንደሚሠራና ከኔትወርክ ጋር የተያያዘ መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ ዝርዝር ቢያዘጋጁ መልካም ነው። ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ ዝርዝሩን ማዘጋጀትም ለተማሪዎች ጥሩ ልምምድ ይሆናል። ጥቃት ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ዝርዝር ግን የጠፋውን የዓመታት ልፋት አይመልስም።