ልጅ ይዞ ወደ በረሃ?

ባለፈው ሐምሌ ሱቄን ለዘጠኝ ቀን ዘግቼ፣ ባለቤቴንና የአራት ዓመት ልጃችንን ይዤ ወደ ካላሃሪ እንደምሄድ ስናገር፣ ጄፒ ላይ ቡና የምንጠጣበት ጠረጴዛ ዙሪያ የነበሩ ወዳጆቼ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተቆጡ። በዕድሜም በስደትም የሚበልጠኝ አንድ ጋሼ የምለው ሰው፣ «እኛ በረሃውን አቋርጠን የመጣነው እኮ ልጆቻችን እንዳያዩት ብለን ነው» አለኝ። ለዚህ ወዲያው መልስ አላገኘሁለትም። መንገድ ላይ ግን ሳብላላው ሰነበትኩ። ዛሬ በዚህች ጋዜጣ ልመልስለት እሞክራለሁ። ምሳውን እዚሁ ስለሚበላ ማንበቡ አይቀርም።

በቅድሚያ፣ ጋሼ እውነት አለው። አብዛኞቻችን በሞያሌ ወጥተን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን በሌሊት እየተጎተትን ያለፍን ነን። የጭነት መኪና ሸራ ሥር ሆኖ አገር አይታይም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የተገኙት 64 ወገኖቻችን ሲታሰቡ፣ «መንገድ» የሚለው ቃል ራሱ ለእኛ ለምን እንደሚያስፈራ ግልጽ ነው። እዚህ ከደረስንም በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2015 እና በ2019 ያየነውን ማንም አይረሳም። ስለዚህ ከሱቅ ወደ ፍላት፣ ከፍላት ወደ ሱቅ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ መስጊድ። ከዚያ ያለፈ ጆሃንስበርግ እንኳ የማያውቅ ስንት ሰው አለ?

ልጄን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። የምንሸጣቸውን ብርድ ልብሶች ቀለም ሁሉ ለይታ ትጠራለች። ካርቶን ላይ መተኛት ትችላለች። በግን የምታውቀው ግን ለበዓል ተገዝቶ ከመኪና ኋላ ሲወርድ ነው። የተወለደችበት አገር ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አንዲት ቀን አይታ አታውቅም። እኔም ሃያ ዓመት ስኖር አላየሁም ነበር፣ ማን ያሳያት?

የተከራየነው አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ የተገጠመለት፣ የአገሩ ሰዎች ካምፐር የሚሉት መኪና ነው። ሆቴል ለሆቴል ከመንከራተት ይልቅ ትንሽ ልጅ ላለው ሰው ይህ ይሻላል እላለሁ። ልጅ በየምሽቱ አልጋ ሲቀየርበት ይረበሻል፣ እዚህ ግን አልጋው አብሮ ይሄዳል። ሲርበው ምግብ፣ ሲያጣድፈው ፖፖ ቅርብ ነው። አንበሳ ባለበት ፓርክ ውስጥ ከመኪና መውረድ ስለማይፈቀድ ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ! ነገር ግን መኪናው ቤት መሰለን ብሎ ልጅን በጉዞ ላይ ኋላ አልጋ ላይ መልቀቅ ትልቅ ስህተት ነው። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በራሱ መቀመጫ ታስሮ እንዲጓዝ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሕጉ ያስገድዳል። የእኔዋ ዕድሜዋ ቢያልፍም ከመቀመጫዋ አልፈታኋትም። አለቀሰች፣ ኋላ ለመደችው።

ውሉን ደግሞ እባካችሁ አንብቡ። እኔ ዋጋውን እንጂ ደቃቁን ጽሑፍ አላየሁም። ኮረኮንች ላይ ጠጠር ተፈናጥሮ የፊቱን መስታወት ሲሰነጥቀው፣ ኢንሹራንሱ ለአስፋልት ብቻ መሆኑ ተነገረኝና ማስያዣዬ እዚያው ቀረ። በሦስት ቋንቋ ተከራከርኩ፣ በአማርኛም ጭምር። ምንም አልፈየደም።

ከጆሃንስበርግ እስከ አፒንግተን 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብቻውን የሚነዳ ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ ልጅ የያዘ ግን በቀን ከ300 ባያልፍ ይመከራል። ኖርዘርን ኬፕ የሚባለው ክፍለ ሀገር ከአገሪቱ ስፋት ሲሶ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ከሕዝቡ ግን ሁለት በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚኖርበት። ነዳጅ ማደያ ባያችሁበት ሁሉ ሙሉ። ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር ውኃ ያዙ። ፀሐይ ከማዘቅዘቋ በፊት ቁሙ፤ አጋዘን መሳዩ ኩዱ በምሽት መንገድ ላይ ዘሎ ይወጣል። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብዙ ስለሆነ የምታርፉበትን ቦታ ለቤተሰብ አስቀድሞ መናገር ይበጃል። ወረቀታችሁን ደግሞ ኦሪጅናሉን ያዙ፣ ምክንያቱን ለእናንተ አልነግርም።

ስንቅ ላይ እናቶቻችን ስንት ዘመን ቀድመው አስበውበታል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ ጭኮ። ጆሃንስበርግ ውስጥ ለናፍቆት የምንበላቸው ነገሮች የተሠሩበትን ምክንያት የተረዳሁት ካላሃሪ ጫፍ ላይ ነው። ጀበናውም አልቀረም።

ኩሩማን ላይ ከድንጋይ ሥር በቀን 20 ሚሊዮን ሊትር ያህል የሚፈልቅ ምንጭ አለ። ሮበርት ሞፋት የተባለው ሚሲዮናዊ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በሴትስዋና ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1857 ያሳተመው እዚያው ከተማ ነው። ኦሬንጅ ወንዝ ኦግራቢስ ላይ 56 ሜትር ይወረወራል፣ ከጢስ ዓባይ ይበልጣል። እኔ አፌን ከፍቼ ስመለከት ልጄ ፏፏቴውን ዞራም አላየችው። አንድ ሙሉ ሰዓት የፈጀችው ቋጥኝ ላይ የሚሯሯጡ ባለ ቀለም እንሽላሊቶችን ስታሳድድ ነው። ከዚህ የተማርኩት፣ ልጅ የያዘ ሰው የሚጎበኘውን ራሱ አይመርጥም። ከዚያ በኋላ እኛም እሷ ያየችውን ማየት ጀመርን። በስልክ እንጨት ላይ ወፎች በማኅበር የሠሩት፣ የጎጆ ክዳን የሚያህል ጎጆ አለ። «የአያቴ ቤት!» አለች፣ በፎቶግራፍ ብቻ የምታውቀውን። መኪናውን አቁሜ ትንሽ ቆየሁ።

ወራቱን በተመለከተ፣ ለገና ሰሞን አትሂዱ፤ እኛ ገናን ስናከብር እዚያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። ሐምሌ ቀኑ ደስ ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውኃ ያረጋል። ጋቢ ያስፈልጋል። ብርድ ነው ብሎ ከሰል ወይም ምድጃ አንድዶ በተዘጋ መኪና ውስጥ መተኛት ቤተሰብ ይጨርሳል። የከሰልን ነገር እኛ ከማንም የበለጠ እናውቃለን፣ ሆኖም ይዘነጋል። ለትንሽ ልጅ ከክሩገር በኩል ካላሃሪን የመረጥኩትም በወባ ምክንያት ነው። ክጋላጋዲ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2000 ከቦትስዋና ጋር የተጣመረ ቢሆንም፣ በደቡብ አፍሪካው በር ገብቶ በዚያው የሚወጣ ሰው ድንበር እንደ ተሻገረ አይቆጠርም፣ ፓስፖርት አይጠየቅም። የስደተኛ ወረቀት ለያዘ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ካምፕ ሥፍራው ላይ ያገኘናቸው አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ነጮች ናቸው። የሕዝብ መገልገያዎችን በዘር የሚለያየው የ1953ቱ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1990 እስኪሻር ድረስ ጥቁር ቤተሰብ እንደ እነሱ ሊያርፍ አይችልም ነበር። ዛሬ የከለከለን የለም። ተመልክተውናል፣ አልዋሽም። በሁለተኛው ምሽት ግን አንድ ሽማግሌ «ለትንሿ» ብሎ እንጨት ይዞ መጣ። ቡና አጠጣነው፤ ሦስተኛውን ድረስ ጠጣ።

አሁን ወደ ጋሼ ልመለስ። ከአፒንግተን ወደ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ፣ ጥቂት ቤቶች ብቻ ባሉባት መንደር ዳቦ ልገዛ ወደ አንዲት ሱቅ ገባሁ። ሻጩ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ነው። ልጄ «አባዬ» ብላ ስትጣራ ልጁ ቀና አለ። «አበሻ ናችሁ እንዴ?» አለን። የሆሳዕና ልጅ ነው፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። አማርኛ የሚያወራው በስልክ ብቻ ነው፣ ሐበሻ ሕፃን ካየ ሁለት ዓመት አልፎታል። የራሱን ልጅ በአራት ወሯ ጥሏት ወጣ፣ አሁን ከእኔዋ ጋር እኩያ ናት። ፍርግርጉን ከፍቶ ወጥቶ «ልቀፋት ጋሼ?» ሲለኝ ምን ልበለው? ሄደችለት። የዳቦውን ዋጋ እንቢ አለ፣ ከረሜላ ጨመረበት።

መኪና ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደ ሄድን ልጄ፣ «አባዬ፣ ምን አድርጎ ነው የታሰረው?» አለችኝ።

ጋሼ፣ ልጆቻችን እንዳያዩ ያልከው በረሃ ይህ ከሆነ፣ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ልደብቃት አልችልም። አልታሰረም፣ ሥራው ነው አልኳት። እኔም እንደዚያ ሠርቼ እንደነበር ነገርኳት። በሌሊት ስለመጣሁበት መንገድም ለዕድሜዋ የሚሆነውን ያህል አወጋኋት፣ መስኮቱ ክፍት ሆኖ፣ በቀን ብርሃን፣ ሜዳውን እያየች። ፍላታችን ውስጥ ይህን ወሬ አንሥቼ አላውቅም። አንተም ለልጆችህ አንሥተህላቸው እንደማታውቅ ነግረኸኛል።

ለሚቀጥለው የሐምሌ ዕረፍት ሦስት ቤተሰብ ሆነን ለመሄድ ተነጋግረናል፣ አንድ መኪና ደግሞ ገና ሰው አልሞላም። መስታወቱን የሚሸፍን ኢንሹራንስ እንገባለን። ለሆሳዕናው ልጅ በርበሬና ጥሬ ቡና ለመውሰድ ቃል ገብቻለሁ፣ ልጄ ደግሞ ብርድ ልብስ ይጨመር ብላ ቀዩን መርጣለታለች።