ልጆቻችንን እንስሳ ኮቴ እናድርሳቸው

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ወላጆች፣ መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ! ልጆቻችን አንበሳን የሚያውቁት ከሳንቲም ላይ፣ አቦሸማኔን ከቴሌቪዥን ነው። ከቡራዩ ተነስቶ የአምቦን መንገድ ለያዘ ሰው ግን ሆለታ አጠገብ እንስሳ ኮቴ አለ። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት በ77 ሄክታር መሬት ላይ ያቋቋመው የዱር እንስሳት መጠለያና የትምህርት ማዕከል ነው።

እዚያ የገቡት እንስሳት ከሰው እጅ የተረፉ ናቸው። ዶሎ የተባለው አንበሳ በሶማሊያ ድንበር አቅራቢያ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ዓመታት አሳልፏል። ሰንሰለቱ አንገቱን እየፈተገ ጎፈሩን ጨርሶት ነበር፤ ዓይኑም ተጎድቷል።

የአቦሸማኔ ግልገሎችም አሉ፤ ከእናታቸው ተነጥቀው በኮንትሮባንድ ወደ አረብ አገሮች ሊሻገሩ ሲሉ የተያዙ። ግልገል አቦሸማኔ አደን የሚማረው ከዓመት በላይ እናቱን እየተከተለ ነው። ያንን ትምህርት ያጣ ግልገል ዱር ቢለቀቅ ራሱን መመገብ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ዕድሜ ልኩን የሰው ጥገኛ ሆኖ ይቀራል።

መጠለያው ከጉዳት በኋላ ይደርሳል። ጉዳቱ ሳይደርስ መከላከል የሚችለው የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ያንን ሕዝብ ማፍራት ደግሞ የኛ ድርሻ ነው።

ርእሳነ መምህራንና የወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረት አባላት፦ ጉብኝቱን በዓመታዊ ዕቅዳችሁ አስገቡት፤ ለማዕከሉም አስቀድማችሁ አስታውቁ። ከጉዞው በፊት የተፈጥሮ ክበቡ ተማሪዎቹን ያዘጋጅ፤ ሲመለሱም ያዩትን ለታናናሾቻቸው ያስረዱ።

የአውቶቡስ ባለንብረቶች፦ አንድ ቅዳሜ ለልጆቻችን ስጡ። የሰበታ ፋብሪካዎችና የሱሉልታ ውኃ አሻጊዎች፦ ነዳጁንና ምሳውን ቻሉላቸው። ወላጅ መክፈል ስላልቻለ የሚቀር ልጅ አይኑር።

ወላጆች፦ ልጃችሁ ቢያለቅስም የጦጣ ግልገል አትግዙ። ግልገሏን ለመውሰድ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ትገደላለች፤ የገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ግልገል እንዲያዝ ገበያ ከፈተ ማለት ነው። የዱር እንስሳን ያለፈቃድ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው። ሲሸጥ ወይም ታስሮ ካያችሁ ለፖሊስ ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አመልክቱ።

ከእንስሳ ኮቴ መልስ ደግሞ ልጆቹን መናገሻ ሱባ ደን ውሰዷቸው። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረ ነው ይባልለታል። በጽዱና በዝግባው ላይ ጉሬዛ ሲዘል፣ የምኒልክ ድኩላ ከቁጥቋጦ ብቅ ሲል ይዩ። በአጥር ውስጥ ያዩት እንስሳ ምን እንዳጣ የሚገባቸው ያኔ ነው።

ከተሞቻችን በየዓመቱ ወደ ተራራው እየሰፉ ነው። ነገ ደኑን የሚያስቆርጡትም የሚያስጠብቁትም ዛሬ በየክፍሉ የተቀመጡት ልጆች ናቸው። በመጪው የወላጆች ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና «የኛ ትምህርት ቤት መቼ ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑ ሳይቆረጥም አትነሱ።