ስለ በልግ መቅረትና ስለ መጠባበቂያ እህል ስሌት

በሐይቅና በአምባሰል አገር የሚኖር ገበሬ ኑሮው በሁለት ዝናብ ላይ የቆመ መሆኑ የታወቀ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው በልግ በደጋው ገብስ ያበቅላል፤ በቈላውና በወይና ደጋው ደግሞ መሬቱን አለስልሶ ለማሽላው መዝሪያ ይሆናል። በልግ የቀረበት ሰው ክረምቱ በኋላ ቢመጣለት እንኳ ለዘር ያኖረውን በልቶ ይጠብቀዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፥ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በወሎ ላይ የወረደው ረኃብ የዝናብ መቅረት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለአስተዳዳሪ ሁሉ ያስተማረ ነው።

ይሁን እንጂ መጠባበቂያ እህልና ዘር ሲታሰብ በቀላሉ የሚገባበት ስሕተት አለ። በአንድ ስፍራ በልግ በአማካይ ከአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይቀራል ቢባል፥ ሹሙ «እንግዲያስ በዐሥር ዓመት ሁለት ጊዜ ነው» ብሎ የሁለት ክፉ ዓመት በጀት ብቻ ይቈርጣል። አማካዩ ልክ ነው፤ ዝናብ ግን በአማካይ አይዘንብም።

ነገሩን የሚያስረዳው ስሌት አዲስ አይደለም። ያዕቆብ በርኑሊ የተባለው የስዊስ አገር ሊቅ ስለዚህ የጻፈው መጽሐፍ እርሱ ከሞተ በኋላ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1713 ዓ.ም. ታትሟል። በልግ የሚቀርበት ዕድል ከአምስት አንድ ከሆነ፥ የሚዘንብበት ከአምስት አራት ነው። ዐሥሩም ዓመት የሚዘንብበትን ለማግኘት አራት አምስተኛ ዐሥር ጊዜ ተደርድሮ እርስ በርሱ ይባዛል፤ ከመቶ 11 ያህል ይወጣል። ሁለት ዓመት ብቻ የሚቀርበትን ለማግኘት አንድ አምስተኛ ሁለት ጊዜ፥ አራት አምስተኛ ስምንት ጊዜ ይደረደርና ይባዛል፤ የተገኘውም ሁለቱ ክፉ ዓመታት በዐሥሩ መካከል ሊውሉ በሚችሉባቸው 45 መንገዶች ተባዝቶ ከመቶ 30 ይሆናል። በዚሁ ሥርዓት አንድ ዓመት ብቻ የሚቀርበት ከመቶ 27 ነው። የተረፈው ከመቶ 32 ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቀርበት ነው።

እንግዲህ ለሁለት ክፉ ዓመት ብቻ ያዘጋጀ ሹም ሕዝቡን ባዶ ጎተራ ላይ የሚጥልበት ዕድል ከሦስት አንድ ያህል ነው። ለሦስት ያዘጋጀ አደጋው ወደ ከመቶ 12 ይወርድለታል፤ ለአራት ያዘጋጀ ከመቶ 3 ያህል ብቻ ይቀረዋል።

ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛ፥ ከአምስት አንድ የተባለው ለምሳሌ ነው፤ እያንዳንዱ ወረዳ ቍጥሩን ከራሱ የዝናብ መዝገብ ማውጣት አለበት። ሁለተኛ፥ ስሌቱ የአንዱ ዓመት መክፋት ለሌላው ምክንያት እንዳልሆነ አድርጎ ያስባል፤ ክፉ ዓመት ክፉን አስከትሎ የሚመጣ ከሆነ ግን አደጋው ከዚህ ይበልጣል። ጎረቤት ቀበሌዎችም በአንድ ደመና ሥር ናቸውና፥ የሐይቁ ቢጎድል ከአምባሰሉ ይሞላል ብሎ መታመን አይገባም።

ስለዚህ የዝናቡን መዝገብ ሳያቋርጥ የሚያስጽፍ፥ ነቀዝ እንዳይበላው አሮጌውን እህል እያወጣ በአዲስ የሚተካ፥ በጀቱንም በአማካዩ ሳይሆን በአደጋው ልክ የሚቈርጥ አስተዳዳሪ ለሕዝቡ ታማኝ መጋቢ ነው። ሰፊ እርሻ የያዘውም ሰው በቤቱ ይህንኑ ማድረግ ይገባዋል። ዮሴፍ የግብፅን ጎተራ የሞላው በጥጋቡ ዘመን ነበርና።