ከአርባ ዓመት በኋላ ሌዘር፦ ከዋጋው በፊት ልኬቱን እንጠይቅ



ሰሞኑን እዚህ ሩንዳ ቡና በተፈላ ቁጥር የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «ሌዘሩን እንሠራው ወይስ መነጽራችንን ይዘን እንቆይ?» የሚል። ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ጀምሮ መነጽር አድርገናል፤ ቆይቶም ኮንታክት ሌንስ ለምደናል። አሁን አርባን አልፈናል። ገንዘቡም በዕቁብም በቁጠባም ሊገኝ ይችላል፤ ናይሮቢ ውስጥም ሌዘሩን የሚሠሩ የግል የዓይን ክሊኒኮች አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ ከምኞት አልፎ ውሳኔ የሚጠይቅ ሆኗል።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር። ሌዘሩን አንቃወምም፤ ከመካከላችን አሠርተው ደስ ያላቸው አሉ። ነገር ግን በእኛ ዕድሜና በእኛ ሥራ ላይ ያለ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ከአርባ በኋላ ሌዘሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመነጽር አያላቅቅም፣ የምናደርገውን መነጽር ይቀይረዋል እንጂ። ይህን ሳያውቁ መክፈል ናሙናውን ሳያዩ ኮንቴይነር ሙሉ ዕቃ እንደ ማዘዝ ነው።

ሌዘሩ ምን ያደርጋል?

የዓይናችን ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ክፍል፣ የዓይን ብሌን የምንለውና ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት፣ መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በአማካይ 540 ማይክሮን አካባቢ። ላሲክ በሚባለው አሠራር ሐኪሙ ከላዩ ስስ ሽፋን ከፍቶ ገለጥ ያደርጋል፤ ኤክሳይመር የሚባለው ጨረር ከሥሩ የተለካ መጠን ይቀርፋል፤ ከዚያ ሽፋኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ማደንዘዣው ጠብታ ነው፤ ታካሚው ነቅቶ ነው የሚሠራለት። አሜሪካ ይህን ጨረር ለእይታ ማስተካከያ የፈቀደችው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ የትናንት ሙከራ አይደለም።

ሆኖም አንዴ የተቀረፈው አይመለስም፤ ሂሳቡን አስቀድመን እንሥራው። ለእያንዳንዱ የመነጽር ቁጥር ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ገደማ ይቀረፋል። ቁጥሯ ማይነስ 8 የሆነች ሴት እናስብ። በ14 ብናሰላው 112 ማይክሮን ይሄዳል፤ ከላይ የሚከፈተው ሽፋን ደግሞ 110 ይሁን። ብሌኗ 540 ከሆነ ከሥር 318 ይቀራታል። ብሌኗ 480 ከሆነ ግን የሚቀራት 258 ብቻ ነው። ሐኪሞች ከሽፋኑ በታች ቢያንስ 250 እንዲቀር ይፈልጋሉ፤ 300 ካልቀረ አልነካም የሚሉም አሉ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ዓይነት መነጽር ያደርጋሉ፤ ለአንዷ «ይቻላል» ይባላል፣ ለሌላዋ «ይቅርብሽ»። ስለዚህ «ለእከሊት ተሠርቶላት የለም እንዴ?» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ቁጥሩን እንጂ ውፍረቱን ከመነጽሩ ላይ ማንበብ አይቻልም።

ከመካከላችን አንዷ «ላንቺ ላሲክ አይሆንም» ተብላ ተመልሳለች። የመጀመሪያ ቀን ከፍቷት ነበር። እኛ ግን ያ ሐኪም ጥሩ ነጋዴ ነው እንላለን፤ የማይሆነውን ዕቃ አልሸጠላትም። ብሌናቸው ለሳሳ ሰዎች ሽፋን ሳይከፈት ከላይ የሚሠራ ፒ.አር.ኬ. የሚባል መንገድ አለ፤ ሕመሙና ማገገሚያው ረዘም ይላል። እሱም ቢሆን የሚወሰነው ከልኬት በኋላ ነው።

እንጀራችን በምን ያህል ርቀት ላይ ነው?

ዋናው ነጥባችን እዚህ ላይ ነው። ሩቅ ለማየት የሚቸገር ሰው መነጽሩን ሲያወልቅ ቅርቡን አጥርቶ ያያል። ርቀቱም ይታወቃል፤ አንድ ሜትርን በቁጥሩ ማካፈል ነው። ማይነስ 2 የሆነ ሰው እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ማይነስ 3 የሆነ እስከ 33 ሳንቲ ሜትር፣ ማይነስ 6 የሆነ ደግሞ እስከ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ያለ መነጽር ጥርት አድርጎ ያያል። 33 ሳንቲ ሜትር ማለት ስልክና ደረሰኝ የምንይዝበት ርቀት ነው።

ከአርባ በኋላ የዓይናችን የውስጥ ሌንስ መለጠጥና መሰብሰብ ይሳነዋል። ጥሩ የሚያዩ ሰዎች ወረቀቱን እጃቸው እስኪደርስ አርቀው ማንበብ ይጀምራሉ። ይህ የሁሉም ሰው ዕጣ ነው፤ ሌዘርም አያስቀረውም፣ ምክንያቱም ሌዘሩ የሚነካው የፊቱን ብሌን እንጂ የውስጡን ሌንስ አይደለም። እስከ ዛሬ ማይነስ 3 የሆነችው እህታችን ይህ መድከም ብዙ አልተሰማትም፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ዲክላራሲዮኑን ታነባለች። ሁለቱም ዓይኖቿ ለሩቅ በተስተካከሉ ማግሥት ግን ያ የተፈጥሮ ማንበቢያ ይወሰድባታል። የሩቅ መነጽሯን ጥላ የቅርብ መነጽር ትገዛለች።

እንግዲህ ሥራችንን እንመልከት። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ስንመርጥ ክሩን የምናየው በክንድ ርቀት ነው። የኤም-ፔሳ መልእክት፣ የሽቱና የቅባት ማብቂያ ቀን፣ የሚዛን ቁጥር፣ የ1,000 ሺሊንግ ኖት ትክክለኛነት፣ ይህ ሁሉ ቅርብ ነው። ኢስሊ ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ ቅርብ እናያለን። በአንጻሩ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለውን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የምትነዳ እህታችን እንጀራዋ ሩቅ ነው። ለእሷ ላብና አቧራ ያለበት መነጽር ወይም የሚደርቅ ኮንታክት ሌንስ የየዕለት ጣጣ ነው፤ ሌዘሩ ብዙ ያተርፍላታል። ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ጥልፍ ለምትመርጠው ግን ትርፉ ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ውሳኔው የሚለያየው እዚህ ላይ ነው፤ በገንዘብ አቅም ብቻ አይደለም።

መካከለኛ መንገድም አለ፤ አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ ማስተካከል። አንዳንዱ ሰው በደንብ ይለምደዋል፤ አንዳንዱን ያዞረዋል፣ በተለይ ማታ ሲነዳ ርቀት መገመት ያስቸግረዋል። ደግነቱ ይህን ሳይቆረጡ መሞከር ይቻላል፤ ለአንድ ሁለት ሳምንት በኮንታክት ሌንስ እንዲሁ ተደርጎ ይታያል። ሐኪሙ ይህን ሙከራ ሳያነሳ «አንዱን ለቅርብ እናድርገው» ካለ እኛው እንጠይቅ።

ማስታወቂያው የማይነግረን

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የተሳተፈበት በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። አብዛኞቹ ታካሚዎች በእይታቸው ረክተዋል። ነገር ግን ቀድሞ ምንም ችግር ካልነበራቸው መካከል ከሦስት ወር በኋላ እስከ 46 በመቶ የሚሆኑት እንደ ብርሃን መበተን ወይም በመብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት ያለ አዲስ ምልክት ተናግረዋል፤ እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የዓይን መድረቅ ምልክት አሳይተዋል። ሥራ እስኪከለክላቸው በጣም የተቸገሩት ከመቶ አንድ አይሞሉም። ይህ ቁጥር የሚያስፈራ አይደለም፤ ግን ማታ ከጭነት መኪና መብራት ጋር ፊት ለፊት ለሚገናኝ ሰው ሊነገረው የሚገባ ነው። እኛ ሴቶች ደግሞ ወደ ማረጥ ስንቃረብ ዓይናችን በራሱ ይደርቃል፤ ከሌዘሩ በፊት እንባችን ይለካልን።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ሌላውንም እንናገር፤ ባሉበት መቆየትም ነፃ አይደለም። ከኮንታክት ሌንስ ተጠቃሚዎች በዓመት ቢበዛ ከ500 አንዱን ለዓይነ ስውርነት ሊያደርስ የሚችል ከባድ የዓይን ልክፈት ይይዘዋል። ሌንስ አድርጎ መተኛት፣ በቧንቧ ውኃ ማጠብ፣ ያለፈበት ፈሳሽ መጠቀም ዋነኞቹ መንገዶች ናቸው። ናይሮቢ ውኃ ሲጠፋ ከቦቴና ከጀሪካን የምንቀዳ፣ ሞያሌ ስንደርስ ባገኘነው የምንታጠብ ሰዎች ሌንሱን በዚያ እጅና በዚያ ውኃ መንካት የለብንም። በመንገድ ላይ መነጽር ይሻላል። ይህን ጥንቃቄ መጠበቅ የማይችል ሰው ሌዘሩን ቢመርጥ አንፈርድበትም።

ስለ ልጆቻችን

«ልጄ በመነጽር ታፍራለች፣ ለአሥራ ሰባተኛ ልደቷ ላሠራላት» የሚሉ እናቶች አሉ። እባካችሁ ቆዩ። ላሲክ ከ18 ዓመት በታች አይሠራም፤ ቁጥሩም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይለወጥ መቆየት አለበት። በእኛ አካባቢ ደግሞ ዓይናቸውን የሚያሳክካቸውና ዘወትር የሚያሹ ልጆች ብዙ ናቸው። ይህ ዓይነቱ አለርጂና ማሸት ኬራቶኮነስ ከሚባለው ብሌኑ እየሳሳ የሚሾልበት በሽታ ጋር ይያያዛል፤ ያ በሽታ ባለበት ላሲክ ከተሠራ እይታው ይባስ ይበላሻል። የብሌኑን ቅርጽ የሚያነሳው ካርታ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ትጠብቅ፤ በዚያ ወቅት ቁጥሩ ይለዋወጣል።

ስለ ማፈሩ ደግሞ፣ በእኛ አገር «አራት ዓይና» የሚባለው አራቱን ጉባኤ የተማረ ሊቅ ነው። ሌላው ዓለም በመነጽር የሚሳለቅበትን ስም አባቶቻችን የክብር ማዕረግ አድርገውታል። ልጆቻችንም ይህን ይስሙ።

የዕቁቡ ገንዘብ

በሂሳብ እንየው። የሌዘሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የምርመራውን፣ የጠብታውን፣ ከሥራ የምንቀርባቸውን ቀናት፣ ቢያስፈልግ የሁለተኛ ማስተካከያውንና በኋላ የምንገዛውን የቅርብ መነጽር እንደምር። ድምሩን አሁን በየዓመቱ ለሌንስ፣ ለፈሳሽና ለመነጽር በምናወጣው እናካፍለው። በስንት ዓመት ይመለሳል? የሃምሳ ዓመት ሴት ከሆንን፣ በስድሳዎቹ የዓይን ሞራ ሊመጣና የውስጡ ሌንስ ሊቀየር እንደሚችል፣ ያኔም ቁጥሩ እንደገና እንደሚስተካከል ከሂሳቡ ውስጥ እናስገባ።

ከዚህ በላይ ደግሞ የቤተሰብ ጥያቄ አለ። በኢትዮጵያ በ2005/06 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ከዓይን ሞራ የመጣ ነበር፤ ከእይታ ድክመት አንድ ሦስተኛው ደግሞ በመነጽር ሊስተካከል የሚችል ነበር። አገር ቤት እናታችን በሞራ ተጋርዳ በግድግዳ እየተደገፈች የምትሄድ ከሆነ፣ ዕቁቡ ሲወጣ ቀዳሚዋ እሷ ናት። እኛ በመነጽር እናያለን፤ እሷ ግን በምንም አታይም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ በሕንድ አሳም ዕድሜያቸው አርባና ከዚያ በላይ ለሆኑ የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ርካሽ የቅርብ መነጽር ሲሰጣቸው ምርታቸው ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር 22 በመቶ ገደማ እንደጨመረ አሳይቷል። ርካሽ መነጽር ለነጋዴ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለዕቁባችን ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው፤ ለሌዘር ተብሎ ተራ ለመቀያየር የምትጠይቅ እህት መጀመሪያ የልኬቷን ወረቀት ይዛ ትምጣ። ለምርመራው ላየንስ ሳይትፈርስት የዓይን ሆስፒታል እዚሁ ሎሬሾ አለ፤ የኪኩዩ ሆስፒታል የዓይን ክፍልም አለ፤ አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦቻችን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። ወደ ምርመራ ከመሄዳችን በፊት ለስላሳ ሌንስ ቢያንስ ለአንድ ሁለት ሳምንት፣ ጠንካራው ለሳምንታት መውለቅ አለበት፤ ሌንሱ የብሌኑን ቅርጽ ስለሚለውጥ ልኬቱን ያሳስተዋል። «ዛሬ ኑ፣ ነገ እንሠራላችሁ» የሚል ካለ ሌላ ቦታ እንጠይቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሐኪሙ ፊት ስንቀመጥ አራት ነገር እንጠይቅ፦ ብሌኔ ስንት ማይክሮን ነው፣ ከተሠራስ በኋላ ስንት ይቀራል? የብሌኔ ካርታ ጤነኛ ነው? እንባዬ በቂ ነው? ከተሠራልኝ በኋላ ደረሰኝ የማነበው በምንድን ነው? ለአራተኛው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሚሰጥ ሐኪም እምነት ይጣልበታል።

የወሰናችሁና ያሠራችሁም አንድ ነገር አትርሱ። ከሌዘሩ በፊት የተለካውን ወረቀት ሁሉ እንደ ንግድ ፈቃድ አስቀምጡት፤ ፎቶውንም ስልካችሁ ላይ ያዙ። ከዓመታት በኋላ ሞራ ሲወጣ ሐኪሙ የሚተክለውን ሌንስ ለማስላት ይጠቅመዋል። ብሌናችሁ ስለሳሳ የዓይን ግፊት ሲለካም ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ግላኮማ ደግሞ በእኛ በአፍሪካውያን ላይ ይበረታል፣ ድምፅም የለውም። ናይሮቢም ሆነ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ፣ ዓይናችሁን የሚያይ ሐኪም ሁሉ «ሌዘር ተሠርቶልኛል» የሚለውን ከእናንተ አፍ ይስማ።