ልጅህን ይዘኸው ና!



የዛሬው መልእክታችን ለወጣቱ ብቻ አይደለም። እስቲ አንዴ ስልካችሁን ይዛችሁ እናትና አባታችሁ አጠገብ ቁጭ በሉና ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ እስከ አዲስ ከተማ ብትዞሩ የምታዩትን ታውቁታላችሁ። ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ወጣቱ በርጫ ላይ ነው። ዲግሪ የያዘውም፣ ከ10ኛ ክፍል የቀረውም አንድ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቤት ውስጥ እናት "ይሄ ልጅ የት ዋለ?" ትላለች። አባት "ተይው፣ እሱ መች ይሰማል" ይላል። ማታ ልጁ ሲገባ ማንም ማንንም አያናግርም። ከዚያ በጥር 2011 የጥምቀት ሰሞን እንዳየነው ከተማዋ የታወከች ቀን መንገድ ላይ የሚገኘውም፣ መጀመሪያ የሚታፈሰውም ይሄው ልጅ ነው። ቤተሰብ የልጁን ውሎ የሚያውቀው ያን ቀን ነው። ያን ቀን ደግሞ መሽቷል።

"የወጣት ክበብ አለ አይደል እንዴ?" ትሉን ይሆናል። አለ፤ ግን እውነቱን እንነጋገር። በ1990ዎቹ በየቀበሌው ፀረ ኤድስ ክበብ ነበር። ድራማው፣ ሰርከሱ፣ ሙዚቃው ሰፈሩን ያነቃንቀው ነበር። የፕሮጀክት ብር ሲቆም ብዙዎቹ አብረው ቆሙ። አንዳንድ ቦታ የቀረው ማኅተምና አቧራ የጠጣ ከረምቡላ ነው።

ዕድራችንን ግን ተመልከቱ። አፎቻውን ተመልከቱ። ፕሮጀክት የለው፣ በጀት የለው፣ ስንት መንግሥት አልፎት ዛሬም አለ። ለምን? ዕድር የሚመዘግበው ቤቱን ነው። አባት ቢታመም እናት ትሄዳለች፤ አባት ቢያልፍ ልጅ ይተካል። ክበብ የሚመዘግበው ልጁን ብቻ ነው። ልጁ ሥራ ሲያገኝ፣ ሲያገባ ወይም ወደ ጅቡቲ ሲሻገር ክበቡም አብሮት ይሄዳል። እኛ የምንለው አጭር ነው፦ ክበቡም እንደ ዕድሩ ቤተሰብ ይመዝግብ።

አባቶችና እናቶች ሦስት ስጋት እንዳላችሁ እናውቃለን። ሦስቱም ተገቢ ናቸው።

"ሴት ልጄን ማታ ክበብ አልክም።" አትላኳት፤ አብራችኋት ኑ። እናቷ እዚያው ካለች ጎረቤትም ሐሜት አያገኝም።

"ገንዘቡን ይበሉታል።" እንግዲያው የዕድሩን ብር አንዲት ሳንቲም ሳታጎድል ለዓመታት የያዘችው እናት የክበቡን መዝገብ ትያዝ። እሷን ማን ያታልላታል?

"ፖለቲካ ነው።" ይሄም ልክ ነው። ወጣቱን ለስብሰባና ለሰልፍ ብቻ የሚፈልገው ብዙ ነው። ግን አባትና እናት የተቀመጡበትን ክበብ ማንም እንደፈለገ አይነዳውም። እኛንም ጨምሮ!

ደግሞስ ድሬ ውስጥ ስንት እውቀት ነው ቤት የተቀመጠው! ይህች ከተማ የባቡር ልጅ ናት። በባቡሩ ወርክሾፕ ዕድሜውን የፈጀ፣ ብየዳና ቶርኖ እጁ ላይ ያለ አባት በየሰፈሩ ጡረታ ወጥቶ ግድግዳ ጥግ ተቀምጧል። አጠገቡ ሥራ ያጣ የልጅ ልጁ አለ። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ክፍልና አንድ ቅዳሜ ነው የጠፋው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ አቀላጥፋ የምትሸጥ የታይዋን ነጋዴ እናትም ለወጣቱ ከየትኛውም ሥልጠና የሚበልጥ የንግድ ትምህርት አላት።

አይሆንም እንዳትሉን። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን እኮ ከሠራተኛ ሰፈር ተነስቶ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1957 ዓ.ም. በመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ አክራ ላይ ከተገኙት አራት ቡድኖች አንዱ የድሬው ነበር። ዋንጫው የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ቢሆንም የድሬ ስም አክራ ደርሷል።

በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሲወስድብንስ? ጎርፉ ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ አማራ፣ ጉራጌ፣ ሐረሪ ብሎ አልመረጠም። 40-40-20 የሚባለው ቀመር ቢሮ ውስጥ ስንት ወጣት እንዳስቀየመ እናውቃለን፤ ትግላችንንም በሰላም እንቀጥላለን። ግን ክበባችን ውስጥ ቀመር አናስገባም። ልጆቻቸው አብረው የሚያጠኑ፣ አባቶቻቸው አብረው ጣሪያ የሚጠግኑ ቤተሰቦች ነገ ሰው መጥቶ "ያ ጠላትህ ነው" ቢላቸው ስቀው ይመልሱታል።

እንግዲህ ሥራው ይሄ ነው። በዚህ ሳምንት በቀበሌያችሁ ያለውን ክበብ ወይም የወጣት ማዕከል ሂዳችሁ እዩት። ከተዘጋ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ አንድ ጎረቤት ቤተሰብ አስከትሉ፤ ቢቻል ቋንቋው ከእናንተ የተለየ። ሦስተኛ፣ ባዶ እጅ አትሂዱ፦ አንዱ መጽሐፍ፣ አንዱ መዶሻ፣ አንዷ ጀበናዋን ትያዝ።

በርጫውን በስድብ አናስቆመውም፤ ሞክረነዋል። ልጁ ከዚያ ፍራሽ የሚነሳው የሚሄድበት ቦታ ሲኖረውና እዚያ የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ነው። ያ ሰው አንተ ነህ አባቴ፣ አንቺ ነሽ እናቴ።

አቦ፣ ተነሱ እንጂ!

ድሬ የሁላችንም ቤት ናት!